የመመረቂያ ጽሑፍሽ ጉዳይ

ሴንት ኦዲሎ፣ ዊስኮንሲን
ጁን 9 ቀን 2019፣ የጰራቅሊጦስ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ለልጄ ለኮሌት፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ የኔ ልጅ? እኔ ጉልበቴን ካላነሳን ደህና ነኝ። ዝናቡ አላባራ ብሎ የጎረቤቶቹ ድርቆሽ ሜዳ ላይ እንደተኛ በሰበሰ። የጓሮው የሩባርብ ተክል ማንም ሳይነካው አድጎ ቅጠሉ ጃንጥላ አክሏል። እኔ አጎንብሼ መቁረጥ አልችል፣ አንቺ የለሽ። ኢርማ ዳሌዋን በብረት አስቀይራ ይኸው እንደ ኮርማ ትራመዳለች። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ምነው ዶሎረስ፣ ቁርባን መቀበል ተውሽ እኮ! ሐኪም ከለከለሽ እንዴ?" አትለኝ መሰለሽ! ዳሌዋን ሲቀይሩላት ምነው ምላሷንም በቀየሩላት።

ለገና የላክሽው ካርድ ደርሶኛል። "እማዬ፣ ደህና ነኝ። መልካም ገና። ኮሌት።" ስምሽን ጨምሮ ስድስት ቃል። አድራሻሽን አልጻፍሽም፤ ካርዱ ጀርባ ላይ ግን የሆቴሉ ስም ታትሟል፣ ማኅተሙም ራፒድ ሲቲ ይላል። ደወልኩ። አንዲት ሴት አንስታ "ኮሌት? አዎ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ልጥራልሽ?" አለችኝ። ዘጋሁት። የሰው አንሶላ የምታጥብ ልጅ በስልክ ምን ትባላለች? ልብሴን ስታጥቢልኝ የነበረው እዚህ ነው፣ ቢያንስ የእናትሽ ነበር።

እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። አባ ሎረንስ ዐርፈዋል። ሜይ 3 ቀን ነው፣ እዚያው የጡረታ ቄሶች ቤት ውስጥ፣ ቁርስ አቅርበውላቸው ሲመለሱ ሞተው አገኟቸው። በዚያው ሳምንት ልነግርሽ እችል ነበር፤ አልነገርኩሽም። ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ የተዘጋ ሣጥን ከምታዪ ብዬ ነው። ቀብራቸው ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር። አርባ ዓመት ያጠመቁት፣ ያጋቡት፣ አባቱን የቀበሩለት ሕዝብ፣ አሥራ አንድ! ለስልሳ ሰው ብለን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ሠርተን ነበር፤ ተረፈና ተካፈልነው፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስበላው ሰነበትኩ። ለምን እንዳልመጡ ታውቂያለሽ። ሰው ስለ አንድ ቄስና ስለ አንዲት ልጃገረድ ሲሰማ፣ ነገሩ የላቲን ሰዋስው ነው ቢሉት አያምንም። ቄሱ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ፣ ልጃገረዷም ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት የአይብ ፋብሪካ ሠራተኛ ብትሆን እንኳ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አውቀዋለሁ ትይ ይሆናል። በኔ በኩል ያለውን ግን አታውቂውም።

አባትሽ ኦቶ ሲሞት ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ ሻንጣሽን አስረሽ ነበር። ከቀብሩ መልስ ፈታሽው። እኔ ፍቺው አላልኩሽም። አትፍቺውም አላልኩሽም። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት አይብ ስታሽጊ ኖርሽ፣ አንድ ቀን አልተነጫነጭሽም፤ እኔም ሁሉ ነገር ያለቀለት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ኤጲፋንያ ሰሞን ኮምፒውተር ይዘሽ ገባሽና "እማዬ፣ ኮሌጅ ልማር ነው። ካቶሊክ ኮሌጅ። ከቤት ሳልወጣ" አልሽኝ። እኔም ከቤት ሳልወጣ የሚለውን ቃል ሰምቼ ደስ አለኝ። ለሌላው ግድ አልነበረኝም።

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ኢንተርኔቱ እዚያ ይሻላል ብለሽ። መምህሩ በጸሎት ሲጀምር እኔም ቢላዋውን እንደያዝኩ አማትባለሁ። በኮምፒውተሩ የሚታዩት ፊቶች ሁሉ ዛሬም አልጠፉኝም። የቴክሳሱ የጭነት መኪና ነጂ፣ መንገድ ዳር አቁሞ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ የሚማረው። የነብራስካዋ የስድስት ልጆች እናት፣ ልጅ እያጠባች የምትከራከረው። ያቺ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ሁልጊዜ የምታንቀላፋው። አንድ ማታ መምህሩ "መልካም ወዳጅ ማለት ምን ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀና ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቃችሁበት። እኔ በልቤ፣ መልካም ወዳጅ ማለት ድንቹን መጥቶ የሚልጥልኝ ነው እል ነበር። በሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ክብና መስመር ስትስዪ፣ "አየሽ እማዬ፣ እኩል መሆናቸው ግድ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም!" ብለሽ እንደ ሕፃን የጮኽሽውን አልረሳውም። ሳህን ስታጥቢም ላቲኑን ትደጋግሚው ነበር፤ አሞ፣ አማስ፣ አማት። እወዳለሁ፣ ትወጃለሽ፣ ትወዳለች ማለት እንደሆነ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። በጆሮዬ ገብቶ ቀረ፤ አሁንም ጉልበቴ ሲያመኝ ደረጃውን እሱን እያልኩ ነው የምወጣው።

ደግሞም ኮርቼብሽ ነበር፤ ይህንን አትካጂኝ። ዓርብ የዓሣ ጥብስ ላይ ኢርማ "ልጅሽ ላቲን ተምራ ላሞቹን ልትቀድስ ነው እንዴ?" ስትል፣ "የአንቺው ልጅ እንግሊዝኛውን ሲጨርስ እንነጋገራለን" ያልኳት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። መንገድ ላይ "እማዬ፣ ልጇን እኮ ነው ያዋረድሽው፣ እሱ ምን አደረገሽ?" አልሽኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ነገርሽ የተለወጠ። ስለ ሰው አንድ ነገር ባነሳሁ ቁጥር ሹካሽን አስቀምጠሽ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅሽ፣ "ይህን ከየት አወቅሽው?" ትይኛለሽ። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸው ነው።

የላቲን መማሪያ ብለሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አባ ሎረንስ ዘንድ መሄድ የጀመርሽውም ያኔ ነው። አራት ዓመት ሙሉ። ወረቀትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ በቀይ ቀለም ታርሞ ይዘሽ ትመለሻለሽ። እኔ ጋ የማትስቂው ሳቅ ከዚያ ይዘሽው ትመጪያለሽ። ያንን ሳቅ ግን ማንም በቀይ አላረመውም።

ዓምና ማርች ላይ፣ በመዘምራን ወንበር ላይ የተውሽውን የጸሎት መጽሐፍሽን አምጥቼ ስከፍተው አንድ ደብዳቤ ወደቀ። ሞንታና ውስጥ ካለ ትንሽ የደብር ትምህርት ቤት የመጣ። ላቲንና ታሪክ እንድታስተምሪ፣ ከነመኖሪያ ክፍሉ፣ ሜይ ላይ እንደተመረቅሽ። አንብቤ ቦታው መለስኩት። አልተናገርኩም። አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅኩ። በየቀኑ እራት ላይ "ምን አዲስ ነገር አለ?" እልሻለሁ፣ አንቺም "ምንም፣ እማዬ" ትያለሽ። ሁለት ሳምንት ሙሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የዋሸሽው አንቺ ነሽ፤ ይህን እንድታስቢው እፈልጋለሁ።

ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፍሽን አነበብኩት። አንቺ ፋብሪካ ስትውዪ፣ በማጉያ መነጽር፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ልጅ ለወላጁ ስለሚገባው ክብር ነው። ሠላሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ክረምት ላይ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት በትና በጣቷ ፊደል ያስተማረች እናት ትጠቅሻለሽ። የዚያች እናት ውለታ ተከፍሎ አያልቅም ብለሻል። ስሜን አልጻፍሽም፣ ግን ማን ይሆናል? አለቀስኩ። መነጽሩ ላይ እስኪንጠባጠብ አለቀስኩ። ቀጥዬ ወደ ሠላሳ አራተኛው ገጽ አለፍኩ፤ እዚያ ደግሞ "ማክበርና አጠገብ መኖር አንድ አይደሉም" ይላል። ዕንባዬ ያኔውኑ ደረቀ። ክብርሽን በፖስታ ልትልኪልኝ ነበር፣ አይደል?

ለኮሌጁ የጻፍኩት በማግስቱ ነው። አዎ፣ እኔ ነኝ። ታውቂያለሽ፣ ግን በራሴ እጅ ጽፌ ልንገርሽ። ስሜን አልፈረምኩም። "ኮሌት ብሬመር የምታቀርበው ጽሑፍ የራሷ አይደለም፤ የጻፈላት የደብሩ ሽማግሌ ቄስ ነው፤ በየቅዳሜው ቤቱ ትሄዳለች፤ እውነት የምትወዱ ከሆነ መርምሩ" ብዬ ነው የጻፍኩት። ከመሳቢያሽም አንድ ረቂቅ ገጽ አውጥቼ ጨመርኩበት፣ አባ ሎረንስ በቀይ የሞሉትን፣ ያንን አንዱን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች ሰርዘው በእጃቸው እንደገና የጻፉልሽን። ከጽሑፍሽ ሁሉ እንደዚያ ያለ ገጽ አንድ ብቻ ነበር። ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ያንን ቅዳሜ ጠዋት፣ ኤፕሪል 21ን፣ እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ጥያቄ አለን ብለው የኮሌጁ ሰዎች በኮምፒውተሩ ሦስት ሆነው መጡ፣ ዶክተር ሃሎራን መሐል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ። አባ ሎረንስ ያንን ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ አጠገብሽ ተቀመጡ። ከአንዱ ጆሯቸው በቀር አይሰሙም ነበር፤ እጅሽን ትከሻቸው ላይ አድርገሽ ጥያቄውን እየደገምሽ ትነግሪያቸው ነበር። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ነበር። ዶክተር ሃሎራን መጀመሪያ ደብዳቤውን አሳዩ። እኔ ያነቡታል እንጂ ምስሉን ያሳያሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። የራሴ እጅ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞልቶ ተዘረጋ። አንቺ አየሽው። ረጅም ጊዜ አየሽው። ፊትሽ ላይ ምንም አልነበረም፣ እኔም እግዜር ይመስገን አላወቀችውም አልኩ።

"ማን እንደጻፈው ያውቃሉ?" አሉሽ።

"አላውቅም" አልሽ።

ከዚያ ገጹን አሳዩዋቸው። "አባ፣ ይህ የእርስዎ እጅ ነው?"

"የኔ ነው" አሉ አባ ሎረንስ፣ ጮክ ብለው፣ እንደ ደንቆሮ። "ላቲኑን አጣማው ነበር፣ አቃናሁላት።"

"ሌላም የጻፉላት ነገር አለ?"

አዎ ወይም አይደለም ብለው መገላገል ሲችሉ፣ ሽማግሌው ለማስታወስ ይታገሉ ጀመር። ግንባራቸውን በመዳፋቸው እያሹ "እንግዲህ... ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው። ቁርስ የበላሁትን እንኳ አላስታውስም። የማላስታውሰውን የለም ብዬ ልምል?" አሉ። "አልጻፍኩም ብዬ አምናለሁ። ልምል ግን አልችልም።"

እንደማይምሉ አውቅ ነበር፣ ኮሌት። አርባ ዓመት ንስሐዬን የሰሙ ሰው ናቸው። እኔም እሳቸውን ሰምቻለሁ።

ያን ጊዜ ነው ኮምፒውተሩን ይዘሽ ወደኔ ያዞርሽው። "እናቴን ጠይቋት" አልሽ። "ሁለት ዓመት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስጽፈው፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ሳነበው፣ የሰማችኝ እሷ ናት።" ዓይኔን እያየሽ ነበር።

"ወይዘሮ ብሬመር፣ ልጅዎ ጽሑፉን ራሷ ስትጽፍ አይተዋል?" አሉኝ ዶክተር ሃሎራን፣ በአክብሮት።

እኔም እጄን በሽርጤ ጠርጌ፣ "ጌታዬ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ምን እንደምትጽፍ የማውቀው ነገር የለም" አልኩ።

አባ ሎረንስ አልሰሙም ነበርና "ምን አለች? ምን አለች?" ይሉሽ ነበር። አንቺም ጎንበስ ብለሽ ወደ ጆሯቸው፣ "ደክሟታል፣ አባ" አልሻቸው።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ጽሑፍሽን ጣሉት፣ መዝገብሽ ላይ "እምነት አጉድላለች" ብለው ጻፉበት፣ ሞንታናዎቹም አዝነናል ብለው ጻፉልሽ። ወሬው በሁለት እሑድ ደብሩን አዳረሰ፤ በሦስተኛው ሀገረ ስብከቱ ነገሩ እስኪጣራ ብሎ አባ ሎረንስን ወደ ከተማ ወሰዳቸው። ማን አጣርቶት! እዚያው ረሷቸው። እኔ እስከዚያ ድረስ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የኔ ሐሳብ አንቺ እንድትቀሪ ብቻ ነበር። ቁጣ ነው የጠበቅኩት፣ ጥቂት ለቅሶ፣ ከዚያ ሁሉም እንደነበረው።

ያንን አንድ ወር ግን ምን ብዬ ልጥራው? በጊዜው ትመጫለሽ፣ እራት ታቀርቢያለሽ፣ ጉልበቴን በቅባት ታሺልኛለሽ፣ "ደህና እደሪ እማዬ" ትያለሽ። እኔም ድል ያደረግኩ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፌን እተኛ ነበር። ከዚያ በጰራቅሊጦስ ማግስት፣ የምሳውን ሳህን አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ጨርቁን ምድጃው ላይ አስጥተሽ ስታበቂ፣ ጀርባሽን እንደሰጠሽኝ፣ "እማዬ፣ 'ጂ' የምትባለዋን ፊደል ጅራቷን ወደ ግራ ሁለት ጊዜ የምትጠመዝዢው አንቺ ብቻ ነሽ" አልሽኝ። "እኔንም እንደዚያ አስተምረሽኝ፣ አንደኛ ክፍል መምህሯ አስተወችኝ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "አውቀሽ ነው እንግዲያ? ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ኮምፒውተሩን ያዞርኩት ለምን ይመስልሻል?" አልሽ። "አንቺ እንድትናገሪ ነው።"

ያኔ ይቅር በዪኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ እመቤቴ ማርያም ምስክሬ ናት። ግን ሻንጣሽ በሩ ጋ ቆሞ አየሁት፤ ከጠዋት ጀምሮ ታስሮ ቆሞ ነበር ለካ። ስለዚህ የወጣኝ ቃል ሌላ ሆነ። "ሂጂ እንግዲህ! ያለ ወረቀት፣ በዚያ ስምሽ፣ ማን በር እንደሚከፍትልሽ አያለሁ" አልኩሽ። አንቺም ግንባሬን ስመሽኝ ወጣሽ። ነዳጅ ማደያው ጋ አውቶቡስ ስትጠብቂ አርባ ደቂቃ ሙሉ ከመስኮቱ ትታዪኝ ነበር። አልዞርሽም።

አባ ሎረንስን ኦክቶበር ላይ ሄጄ ጠየቅኳቸው። የፖም ኬክ ይዤ። ክፍላቸው ከልብስ ቁም ሣጥን አይሰፋም። መጽሐፎቻቸውን እንኳ አላመጡላቸውም ነበር፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር። መጀመሪያ ያነሱት አንቺን ነው። "ለኮሌት ስትጽፊላት፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ንገሪያት" አሉኝ። "በእርሳስ ብጽፍላት ኖሮ ጠፍቶ ይቀር ነበር። ቀይ ቀለም ምን ያደርግልኝ ነበር? የድሮ አስተማሪ ትዕቢት ነው።" ይኸው ነገርኩሽ፤ አደራዬን ተወጣሁ።

ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ። "ዶሎረስ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?"

"አይደለሁም፣ አባ።"

እጄን አልለቀቁትም። "እንግዲያስ ይቅር የምለውን ሰው አላውቀውም ማለት ነው" አሉ። "የማያውቁትን ሰው ይቅር ማለት ከባድ ነው፣ ዶሎረስ። ፊት የለውም። በየቀኑ እሞክራለሁ፣ ማን ላይ ላሳርፈው?"

ኬኩን ሳይቀምሱት ተውኳቸውና መጣሁ። ሁለተኛ አልሄድኩም። ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ለንስሐ ወደ ሌላ ከተማ ነዳሁ፣ ማንም ወደማያውቀኝ። ቄሱ ከህንድ የመጣ ወጣት ነው፣ ገና ሠላሳም አልሞላው፣ ልጄ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ነገርኩት። ዕንባዬ እንደ ወንዝ እስኪወርድ አለቀስኩ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ "እናቴ፣ ለሽማግሌው የሚደርስላቸው ነገር የለም። ለልጅሽ ግን አለ" አለኝ። "ለኮሌጁ ስምሽን ፈርመሽ እውነቱን ጻፊ። ያን ቀን ተመልሰሽ ነይ፣ ሥርየቱን እሰጥሻለሁ።"

"ሽማግሌ ሴት ነኝ፣ ሰው ምን ይለኛል?" አልኩት።

"ልጅሽን ሰው ምን አላት?" አለኝ።

እንግዲህ ኢርማ የምትቆጥርብኝ ቁርባን ይህ ነው። በየእሑዱ ሰዉ ሁሉ ጉልበቴን እየተሻገረ ይሄዳል፣ እኔ ብቻዬን ወንበሩ ላይ እቀራለሁ።

ይኸው ጻፍኩት ታዲያ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ደብዳቤውን እኔ እንደጻፍኩ፣ ገጹን እኔ እንደሰረቅኩ፣ ጽሑፍሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትጽፊው እንደሰማሁ፣ አባ ሎረንስ ላቲኑን ብቻ እንዳቃኑልሽ። ስሜን ከነአባትሽ ስም፣ አድራሻዬን፣ ስልኬን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ፖስታው ተዘግቷል፣ ቴምብሩም ተለጥፎበታል። ደግሞም ባለፈው ሳምንት ከዶክተር ሃሎራን በስምሽ ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ቤቴ ነው የመጣውና ከፈትኩት። ያ ውሳኔ ዕረፍት እንደነሳቸው ይጽፋሉ። አዲስ ማስረጃ ካለሽ እስከ ጁን 30 አቅርቢ፣ ከዚያ ወዲያ መዝገቡ ለሁልጊዜው ይዘጋል፣ ከተገኘ ግን ዲግሪሽ ያለ ምንም ተጨማሪ ፈተና ይሰጥሻል ይላሉ። ሁለቱን ፖስታዎች አንድ ላይ አስሬ በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

በፖስታ አልልከውም። ፖስታ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ነው። መጥተሽ ውሰጂው።

ሃያ አንድ ቀን አለሽ። አውቶቡሱ ዓርብ ጠዋት ከራፒድ ሲቲ ተነስቶ ቅዳሜ ከሰዓት ማደያው ጋ ይደርሳል፤ ጠይቄያለሁ። አንድ ሻንጣ በቂ ነው አትበዪ፣ ያለሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ። ሐኪሙ ጁላይ 2 ቀን ሁለቱንም ጉልበቴን ይከፍታል፤ ሦስት ወር ደረጃ አትወጪም ብሎኛል። ኢርማ መጥታ ላስታምምሽ ብላኛለች፤ ከእሷ ሞት ይሻለኛል። እና መምጣትሽ ካልቀረ፣ ከዚያ በኋላ ብትቆዪ ምን ይጎዳሻል? ፋብሪካውም ቦታሽን አልሰጠም፤ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ዲግሪሽን ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን፣ ማንም መጥቶ ያየዋል። የመመለሻ ትኬት ግን አትቁረጪ። ስትመጪ እንነጋገራለን።

ክፍልሽ እንደነበረ ነው። አሁን እኔ ነኝ የምተኛበት፤ ለምድጃው ቅርብ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ስትመጪ እለቅልሻለሁ።

መንፈስ ቅዱስ በወረደበት በዚህ ቀን፣ በእሳቱ ያሙቅሽ፣ አያቃጥልሽ። ያጠበው እጅሽ ይባረክ። ክፉ ሰው አያግኝሽ፣ ብታገኚውም ያሳልፍልሽ። ጠባቂ መልአክሽ መንገዱን ወደ ቤት ያቅናልሽ። አሜን።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ዶሎረስ

የረሳሁት፦ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ጊዜ ሳነበው፣ ይህች ደብዳቤ ራሷ ዶክተር ሃሎራን ዘንድ ብትደርስ መሳቢያው ውስጥ ያለው እንደማያስፈልግ ገባኝ። እጄም የታወቀ ነው፣ ሁሉም ነገር ተጽፎበታል። ልቀድዳት ነበር። ከዚያ ተውኩት። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥያት፣ ለማንም አታሳዪያት። እንደምታቃጥያት አውቃለሁ፤ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።